በፕሮቲን ውስጥ ያሉ የአሚኖ አሲድ ንክኪዎች ትንተና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ባዮኬሚስትሪና ባዮቴክኖሎጂ የሚማሩ ልጆች ይጠይቁኛል። ከኮምቦልቻ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው «ባዮሎጂ ላይ የሚሆን ፕሮጀክት ፈልጌ ነበር» የሚሉ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን አንዴ እዚህ ላስቀምጠው። ሥራው ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ ኬሚካል መግዛት አይፈልግም፣ መረጃውም በነጻ የሚገኝ ነው። የሚፈልገው ጥንቃቄ ነው፤ እሱ ላይ ግን ቀልድ የለም።

ንክኪ የምትሉት ምኑን ነው?

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ የገባው እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ሬዚዲዩ ይባላል። ሰንሰለቱ ግን ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን በሚኒባስ የወረደ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ቅድም ያለፋችሁበት ኩርባ ከራሳችሁ በላይ ይታያል፤ በመንገዱ ከሄዳችሁ ሩቅ ነው፣ ቀጥታ ከለካችሁት ግን እዚያው ነው። ፕሮቲን ውስጥም 10ኛውና 90ኛው ሬዚዲዩ በሰንሰለቱ ሲቆጠሩ ይራራቃሉ፣ ከታጠፈ በኋላ ግን ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ንክኪ የምንለው ይህንን ቅርበት ነው። ፕሮቲኑ ቅርጹን የሚይዘውም መድኃኒት የሚቀበለውም በእነዚህ ቅርበቶች ነው፤ አንዷ ስትቀየር ደግሞ ሰው ሊታመም ይችላል።

የርቀት ገደቡ ስንት ነው? አንዱ ጽሑፍ 8 ይላል፣ ሌላው 4.5 ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መለኪያችን አንግስትሮም ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። 8 አንግስትሮም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከእያንዳንዱ ሬዚዲዩ አንድ አቶም ብቻ ተወስዶ ነው፦ ወይ አልፋ ካርቦን፣ ወይ ቤታ ካርቦን። አልፋ ካርቦን ዋናው ሰንሰለት ላይ ያለው ነው። ቤታ ካርቦን ደግሞ የጎን ሰንሰለቱ (ከዋናው ሰንሰለት ወጣ ብሎ አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚለየው ክፍል) የመጀመሪያ አቶም ነው። የፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ የሚመዘንበት ካስፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ ውድድር የሚጠቀመው ቤታውን በ8 አንግስትሮም ነው። ግላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ቤታ ካርቦን የለውም፣ እሱ ጋ ስትደርሱ አልፋውን ትወስዳላችሁ። ይህንን የረሳ ኮድ ወይ ተበላሽቶ ይቆማል ወይ ግላይሲኖችን በዝምታ ይዘላቸዋል። ሁለተኛው ይከፋል፣ ምክንያቱም ማንም አያየውም።

4.5 ሲባል ግን ከሃይድሮጅን በስተቀር ሁሉም አቶሞች ተለክተው፣ ከዚህኛው ሬዚዲዩ አንድ አቶም ከዚያኛው አንድ አቶም ጋር በዚያ ርቀት ውስጥ ከተገኘ «ተነካክተዋል» ይባላል። 4 ወይም 5 የሚጠቀምም አለ።

ልዩነቱ ምን ያመጣል? አርጂኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ አስቡት። የጎን ሰንሰለቱ ረጅም ነው። አልፋ ካርቦኑ ከግሉታሜት አልፋ ካርቦን ከ8 አንግስትሮም በላይ ርቆ ጫፋቸው ግን ተያይዞ ሊገኝ ይችላል፤ በአልፋ ካርቦን ብቻ ከለካችሁ ይህንን ታጡታላችሁ። በተቃራኒው ደግሞ አልፋ ካርቦናቸው 7 አንግስትሮም ላይ ሆኖ የጎን ሰንሰለታቸው ፊቱን ያዞረ ሁለት ሬዚዲዩዎች አሉ፤ ሳይነካኩ ንክኪ ተብለው ይቆጠራሉ።

የኔ ምክር፦ ስለ ፕሮቲኑ አጠቃላይ አጣጣፍ ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ ቤታ ካርቦን በ8 ይበቃል። ስለ አንድ ሚውቴሽን (የአንድ አሚኖ አሲድ በሌላ መተካት) ወይም ስለ መድኃኒት መቀመጫ ከሆነ ግን ሁሉንም አቶም ለኩ። ከዚያ ገደቡን ወደ 4፣ ወደ 5 አድርጋችሁ ድገሙት። መደምደሚያችሁ በግማሽ አንግስትሮም የሚገለበጥ ከሆነ የመረጣችሁት ቁጥር እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም የተናገረው።

በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤት የሆኑትን ለምን እናወጣቸዋለን?

ምክንያቱም ሁሌም ይነካካሉ። ተከታታይ አልፋ ካርቦኖች 3.8 አንግስትሮም ያህል ነው የሚራራቁት፤ ይህ ስለ አጣጣፉ የሚነግራችሁ ነገር የለም። አልፋ ሂሊክስ (ሰንሰለቱ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለበት ክፍል) ውስጥም አንዱ ሬዚዲዩ ከእሱ አራት ቀጥሎ ካለው ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ (በሃይድሮጅን በኩል በሚሠራ ደካማ ትስስር) ስለሚያያዝ ሂሊክስ የበዛበት ፕሮቲን በንክኪ ብዛት ያለ አግባብ ያብጣል። ካስፕ ላይ ከ6 በታች የሆነ የተራ ቁጥር ልዩነት ያላቸው ጥንዶች አይቆጠሩም። ከ6 እስከ 11 አጭር፣ ከ12 እስከ 23 መካከለኛ፣ 24 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ረጅም ይባላል። ወርቁ ያለው ረጅሞቹ ውስጥ ነው።

ሁሉም ንክኪ እኩል ነው?

በፍጹም። ሁለት ሲስቲኖች በዳይሰልፋይድ ሲያያዙ ሰልፈሮቹ 2.05 አንግስትሮም ያህል ላይ ይቀመጣሉ፤ ያ አቶሞቹ ኤሌክትሮን የሚጋሩበት እውነተኛ ኮቫለንት ቦንድ ነው። በሃይድሮጅን ቦንድ ሰጪውና ተቀባዩ አቶም አብዛኛውን ጊዜ ከ2.7 እስከ 3.2 ባለው ውስጥ ይገኛሉ፣ እስከ 3.5 የሚቀበል ብዙ ነው። ማዕዘኑም መታየት አለበት። ሶልት ብሪጅ የሚባለው በተቃራኒ ቻርጅ መካከል ያለው ነው፤ ናይትሮጅኑና ኦክስጅኑ በ4 አንግስትሮም ውስጥ ሲገኙ ይቆጠራል። ሃይድሮፎቢክ ንክኪ ደግሞ ሉሲን፣ ቫሊን፣ ፊኒልአላኒን የመሳሰሉት ውኃ ሸሽተው ሲጠጋጉ የሚፈጠር ነው። አንዱ ለብቻው ደካማ ነው፣ ተደምሮ ግን የብዙ ፕሮቲኖችን መሐል አንድ ላይ የሚይዘው እሱ ነው።

ስለዚህ «ይህ ሬዚዲዩ 9 ንክኪ አለው» ብላችሁ አትቁሙ። ምን ዓይነት እንደሆኑ ለዩ።

የንክኪ ካርታ እንዴት ይነበባል?

ካርታው ሬዚዲዩዎቹን በአግድምም በቁመትም የደረደረ ሠንጠረዥ ነው። የተነካካ ጥንድ ባለበት ነጥብ ይደረጋል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ማየት ይበቃል። ከጥግ ወደ ጥግ የሚሄደው ሰያፍ መስመር ሬዚዲዩው ከራሱ ጋር ያለው ነው፤ እሱን ተከትሎ ወፍሮ የሚታየው ሂሊክስ ነው። ከሰያፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ራቅ ብሎ የሚሄድ መስመር ትይዩ ቤታ ስትራንዶችን (ተዘርግተው ጎን ለጎን የሚሰለፉ የሰንሰለቱ ክፍሎች) ያሳያል። ሰያፉን በቀጥታ ማዕዘን የሚያቋርጥ ወይም ወደዚያ የሚያመራ መስመር ካያችሁ ደግሞ ተቃራኒ አቅጣጫ የያዙ ቤታ ስትራንዶች ናቸው። ትንሽ ከለመዳችሁ ካርታውን አይታችሁ ቅርጹን መገመት ትጀምራላችሁ፣ በጣም ደስ ይላል።

በአንድ ምሳሌ ብታሳዩንስ?

በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢንን እንውሰድ። ሁሉም ሰው ስሙን ያውቀዋል፣ ታሪኩም በደንብ የተጠና ነው። ማክስ ፔሩትዝ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ፕሮቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚህ ነው።

የፕሮቲን መዋቅሮች በነጻ ከሚገኙበት ቋት፣ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ ላይ 4ኤችኤችቢ (4HHB) የሚለውን ፋይል አውርዱ። ኦክስጅን ያልያዘው የሰው ሄሞግሎቢን ነው፣ ሪዞሉሽኑ (የምስሉ ጥራት፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል) 1.74 አንግስትሮም። አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ ሁለቱ አልፋ ባለ 141 ሬዚዲዩ፣ ሁለቱ ቤታ ባለ 146። በድምሩ 574 ናቸው፣ ሊለካ የሚችለው ጥንድ 164,451 ይሆናል። ብዙ ይመስላል፣ ለተራ ላፕቶፕ ግን ምንም አይደለም።

አሁን የቤታ ሰንሰለትን የመጨረሻ ሬዚዲዩ ሂስቲዲን 146ን ተመልከቱት። የጎን ሰንሰለቱ እዚያው ሰንሰለት ላይ ካለው አስፓርቴት 94 ጋር ሶልት ብሪጅ ይሠራል። ጫፉ ላይ ያለው ካርቦክሲል ደግሞ ከማዶኛው አልፋ ሰንሰለት ላይሲን 40 ጋር ይያያዛል። እነዚህ ማያያዣዎች ሄሞግሎቢኑን ኦክስጅን ለመልቀቅ በሚመቸው ቅርጽ ላይ ያቆዩታል። ኦክስጅን ሲይዝ ይላቀቃሉ። ይህንን በራሳችሁ ዓይን ለማየት ኦክስጅን የያዘውን 1ኤችኤችኦ (1HHO) አውርዳችሁ ማወዳደር ነው።

ጉዱ የሚፈላው ግን እዚህ ጋ ነው። 1ኤችኤችኦን እንዳለ ስትከፍቱት አራት ሰንሰለት አታገኙም፣ አንድ አልፋና አንድ ቤታ ብቻ ነው ያለው። መዋቅሩ በተለካበት ክሪስታል ውስጥ ቀሪው ግማሽ የዚሁ ድግግሞሽ ስለሆነ ፋይሉ ላይ አልተጻፈም። እንዲህ ሆኖ ንክኪ ብትቆጥሩ በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለው ሁሉ ዜሮ ይወጣል፣ እናንተም «ኦክስጅን ሲገባ ንክኪዎቹ በሙሉ ጠፉ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ጠፍተው አይደለም፣ ፕሮቲኑን ግማሽ አድርጋችሁ ስለለካችሁት ነው። ስታወርዱ «ባዮሎጂካል አሴምብሊ» የሚለውን ምረጡ።

ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታስ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ይያያዛል፣ ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ማሳያም አላውቅም። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 በሽታው የሞለኪውል በሽታ መሆኑን አሳዩ። በኋላ እንደታወቀው የተቀየረው አንድ ሬዚዲዩ ነው፦ ቤታ ሰንሰለት ላይ 6ኛው ግሉታሜት ቫሊን ሆነ። ቻርጅ ያለው ወጥቶ ውኃ የሚሸሽ ገባ ማለት ነው።

2ኤችቢኤስ (2HBS) የሚለውን ፋይል ክፈቱና ያ ቫሊን የት እንደገባ እዩት። ጎን ካለው ሌላ ሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ላይ ፊኒልአላኒን 85 እና ሉሲን 88 የሚሠሩት ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ቫሊኑ እዚያ ይሰካል። ሄሞግሎቢኖቹ እንዲህ እየተያያዙ ረጅም ክር ይሠራሉ፣ ክሩ ቀይ የደም ሴሏን ያጣምማታል። ያ ሁሉ ስቃይ የሚጀምረው ከዚህች ጥቂት አንግስትሮም ንክኪ ነው። ተማሪ ይህንን አንዴ አጉልቶ ካየ በኋላ ንክኪን እንደ ደረቅ ቁጥር አያየውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሕክምና ዘረመል ጽሑፎች ላይ ይኸው ሬዚዲዩ 7ኛ ተብሎ ታገኙታላችሁ። በኋላ የሚቆረጠውን የመጀመሪያውን ሜታዮኒን ስለሚቆጥሩ ነው። ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ቦታው ላይ የተባለው አሚኖ አሲድ መኖሩን አረጋግጡ።

ፋይሉ ላይ ሌላ ምን ልጠንቀቅ?

ኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ (ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርጎ መዋቅሩን በኤክስሬይ ማየት) ብዙውን ጊዜ ሃይድሮጅንን አያሳይም፤ ሃይድሮጅን ቦንድ ስትፈልጉ ሶፍትዌሩ ራሱ ጨምሮት ነው። የሂስቲዲን ቻርጅም በዚያው ግምት ነው። አስፓራጂንና ግሉታሚን ጫፍ ላይ ናይትሮጅንና ኦክስጅን በምስሉ ስለማይለዩ አንዳንዴ ተገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ሞልፕሮቢቲ የሚባለው መሣሪያ ይፈትሽላችኋል። አንድ የጎን ሰንሰለት ሁለት ቦታ ላይ ተጽፎ ካገኛችሁት (ኤ እና ቢ ተብሎ) አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱንም ከቆጠራችሁ ቁጥራችሁ ይዛባል። መዋቅሩ በኤንኤምአር (NMR፣ ክሪስታል የማይፈልግ ሌላ ዘዴ) የተሠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 20 ገደማ ሞዴል ይኖረዋል። የመጀመሪያውን ብቻ ከመውሰድ ንክኪው በስንቶቹ ላይ እንዳለ ቁጠሩ። የክሪስታል ጎረቤቶች ንክኪም አለ፣ እሱ ሰውነት ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ሪዞሉሽን ስንት ይበቃል?

2 አንግስትሮምና ከዚያ ያነሰ ከሆነ በልበ ሙሉነት ሥሩ። ከ3 በላይ ከሆነ የጎን ሰንሰለቶቹ አቀማመጥ ስለሚያጠራጥር ስለ አንድ ሃይድሮጅን ቦንድ አትከራከሩ፣ በቤታ ካርቦን ደረጃ ብቻ ተናገሩ።

ብዙ ንክኪ ያለው ፕሮቲን ሙቀት ይቋቋማል ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ ከኮምቦልቻ ነው የሚበዛው፣ ምክንያቱም ከተማው የፋብሪካ ከተማ ስለሆነ ልጆቹ ኢንዱስትሪ ላይ የሚውል ኤንዛይም ላይ መሥራት ይፈልጋሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ክሩ ላይ የተቀባውን ስታርች ለማስለቀቅ አልፋ አሚሌዝ ይገባል፣ እሱም ሙቀት መቻል አለበት።

መልሱ ግን «አዎ» ብቻ አይደለም። ትልቅ ፕሮቲን በትልቅነቱ ብቻ ብዙ ንክኪ ይኖረዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለሬዚዲዩ ብዛት አካፍሉት። ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ላይ ሶልት ብሪጅ በዛ ብሎ የመገኘት ዝንባሌ አለ፣ ግን ሕግ አይደለም። ንክኪ መቁጠር ጉልበትን መለካትም አይደለም፤ ንክኪው በውኃ ተከቧል ወይስ መሐል ተቀብሯል የሚለው ራሱ ብዙ ይለውጣል።

የባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ አሚሌዝን ውሰዱ፤ ሙቀት በመቋቋም የታወቀ ነው። ይህ ኤንዛይም ካልሲየም ይይዛል፣ ካልሲየሙ ከወጣ ጽናቱ ይወድቃል። አሁን «ፋይሉን ላጽዳ» ብላችሁ ከአሚኖ አሲድ ውጪ ያለውን ሁሉ ብትሰርዙ ካልሲየሙም አብሮ ሄደ። ዋናውን ነገር በገዛ እጃችሁ ጥላችሁ ቀሪውን ትተነትናላችሁ። ሄሞግሎቢን ላይም ሄሙን (ኦክስጅኑን የሚይዘውን ብረት ያለበት ክፍል) እንዲሁ። ከመሰረዛችሁ በፊት ምን እንደሆነ እዩት።

በወባ ላይ መሥራት እንችላለን?

ትችላላችሁ፣ ብትሠሩም ደስ ይለኛል፤ ለኛ አገር ቅርብ ነገር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ፋንሲዳርን ትታ ወደ ኮአርተም የሄደችው ጥገኛ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ስለለመደ ነው። ፋንሲዳር ውስጥ ካሉት አንዱ ፒሪሜታሚን ነው፣ የሚይዘውም ዲኤችኤፍአር የሚባለውን ኤንዛይም። ኤንዛይሙ ላይ 108ኛው ሴሪን ወደ አስፓራጂን ሲቀየር የአስፓራጂኑ የጎን ሰንሰለት ተለቅ ስለሚል ከመድኃኒቱ ክሎሪን ካለበት ቀለበት ጋር ይጋጫል፣ መድኃኒቱ እንደ ድሮው አይገጥምም። የኤንዛይሙ መዋቅር ዳታ ባንኩ ላይ አለ። ያልተለወጠውንና የተለወጠውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በመድኃኒቱ ዙሪያ በ4.5 ውስጥ ያሉትን ማውጣት ለመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክት ልክ የሆነ ሥራ ነው።

የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየው የአልፋፎልድ ፕሮግራም ያወጣው ሞዴል ላይ ብሠራስ?

ይቻላል። አልፋፎልድ 2 እ.ኤ.አ. በ2020 ካስፕ ላይ ሁሉንም አስደነቀ፣ የመረጃ ቋቱም ከ200 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ይዟል፣ በ2024 ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ግን እያንዳንዱ ሬዚዲዩ ላይ ፒኤልዲዲቲ (pLDDT) የሚባል የመተማመኛ ነጥብ አለ። ከ90 በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ70 እስከ 90 ጥሩ ነው። ከ50 በታች ያለው ተንጠልጥሎ የሚታይ ክር ስለሚሆን የሱን ንክኪ አትቁጠሩ። ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ መነካካታቸውን ለመናገር ደግሞ ፒኤኢ (PAE) የሚባለውን፣ የክፍሎቹ አንጻራዊ ቦታ ምን ያህል እንደሚያስተማምን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ማየት ግድ ነው።

አንድ ሬዚዲዩ ቀይራችሁ ሞዴሉን እንደገና አሠርታችሁ «ንክኪው አልተለወጠም፣ ስለዚህ ሚውቴሽኑ ጉዳት የለውም» ማለት ግን አይቻልም። ለዚያ አልተሠራም።

ፕሮግራሚንግ አልችልም፣ ልተወው?

አብሽሩ፣ አትተዉት። ካይሜራኤክስ የሚባለው የፕሮቲን መዋቅር ማሳያ ሶፍትዌር ለትምህርት በነጻ ነው፣ ንክኪና ሃይድሮጅን ቦንድ የሚያወጣ ትዕዛዝ አለው። ተመሳሳዩ ፓይሞልም በነጻ የሚገኝ ቅጂ አለው። ፓይተን የምትችሉ ባዮፓይተን ውስጥ ጎረቤት አቶም የሚፈልገውን ክፍል ተጠቀሙ፣ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ከመለካት በጣም ይፈጥናል። ኮድ የጻፋችሁም ብትሆኑ ውጤቱን ሥዕሉ ላይ ሄዳችሁ እዩት። ከዝርዝሩ ጥቂት ጥንዶች አንስታችሁ በእጅ ለኩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ኮዱ ላይ ችግር አለ።

መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ምን ልጻፍ?

ሌላ ሰው ደግሞት ያንኑ እንዲያገኝ የሚያስችለውን ሁሉ። የፋይሉ መለያ፣ የትኛው ሰንሰለት፣ አሴምብሊው፣ የትኞቹ አቶሞች ተለኩ፣ ገደቡ፣ በሰንሰለቱ ላይ ከስንት በታች የሆነው ልዩነት ወጣ፣ ሃይድሮጅን በምን ተጨመረ፣ ውኃውና ሌላው ሞለኪውል ቀረ ወይስ ተሰረዘ፣ የሶፍትዌሩ ስምና ስሪት። አንድ አንቀጽ ይበቃል። «በፓይሞል ተተነተነ» ብቻ ብሎ ያለፈ ጽሑፍ ሲመጣ መልሼ ነው የምልከው።

ኔት ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንዴት ልሥራ?

ፋይሎቹ ጽሑፍ ስለሆኑ ቀላል ናቸው፣ ኔት ባለበት ሰዓት ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን ሁሉ በአንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያለ ኔት ይሄዳል። የአንድ ፕሮቲን ንክኪ በሰከንዶች ያልቃል፣ ባትሪ አይጨርስም። የድሮው የፒዲቢ ፋይል ዓይነት ለትልልቅ መዋቅሮች ስለማይበቃ ኤምኤምሲፍ (mmCIF) የሚባለውን አውርዱ። እሱ ላይ ሁለት ዓይነት የሬዚዲዩ ቁጥር ስላለ ተመራማሪዎቹ የሰጡትን ነው የተጠቀማችሁት ወይስ ዳታ ባንኩ ያወጣውን፣ ከመጀመሪያው ወስናችሁ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት።